ሐሮማያ ሐይቅ እንዴት ደረቀ፣ እንዴትስ ተመለሰ? የአንዲት ትንሽ ከተማ ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

ስለ ትንንሽ ከተሞች እድገት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ፎቅ ነው። ውሃ የሚነሳው ሲጠፋ ብቻ ነው። ሐሮማያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ከተማዋ አደገች፣ ገበያው ደራ፣ የቆርቆሮ ቤቱ በዛ። ሐይቁ ደግሞ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሸሸ። በመጨረሻም ጠፋ። ከአሥር ዓመት በላይ ደረቅ ሆኖ ከቆየ በኋላ ግን ተመለሰ።

ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት በሁለት ምክንያት ነው። ሐይቅ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ሲመለስ ግን ብዙ አላየንም። ከዚህም በላይ፣ ስለ ሐሮማያ የሚነገረው ታሪክ አንድ ጥፋተኛ ብቻ አለው። ወይ ጫት ነው፣ ወይ ገበሬው ነው፣ ወይ ሰማዩ ነው። እኔ እዚያ ተምሬያለሁ። ከተመረቅኩም በኋላ በውሃ ሥራ ምክንያት ደጋግሜ ሄጃለሁ። ያየሁት ነገር ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ነው፤ ለሌላ ከተማም የሚጠቅመው ውስብስቡ ነው። ያነጋገርኳቸውን ሰዎች ስም አልጠቅስም።

ከተማዋና ሐይቁ

ሐሮማያ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐረር ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በመካከል አወዳይ አለች፣ የጫት ገበያዋ የታወቀው። ከፍታዋ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ማታ ማታ ይበርዳል። የድሮ ሰው አለማያ ነው የሚላት። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ከተማዋ ሐይቁን በስሟ ይዛዋለች።

ከሐይቁ ሌላ ከተማዋን ያሳወቃት የእርሻ ኮሌጁ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍና በኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን እገዛ ነበር የተከፈተው። በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዛሬ ስሙን ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲን የያዘው በ1998 ዓ.ም. ነው። ግቢው ሲመረጥ ሐይቁ ቅርብ መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር። በኛ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ማስታወሻችንን ይዘን ሐይቁ ዳር እንቀመጥ ነበር። ጀልባ ነበር፣ ዓሣ ነበር፣ ወፉ የሚቆጠር አልነበረም።

ሐይቁ ትልቅ የሚባል አይደለም። በደጉ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ ጥልቅ በሆነው ቦታ 8 ሜትር ያህል ነበር። ከጣና ወይም ከዝዋይ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ጭኖት የነበረው ሸክም ግን ከባድ ነው። የሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የሚመጣው ከዚሁ ሐይቅ ነበር። የሐሮማያ ከተማ፣ አወዳይና ዩኒቨርሲቲውም ከዚያው ይጠጡ ነበር። ዙሪያውን ያለው ገበሬም ማሳውን የሚያጠጣው ከዚያው ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መያዝ አለበት። ሐይቁ መውጫ የለውም። ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ደለሉም እዚያው ይቀራል። ደግሞ በዓመት የሚዘንበው ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐይቁ ገጽ በፀሐይ የሚተነው ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ሐይቁ በላዩ በሚዘንበው ብቻ አይኖርም። የሚኖረው ከኮረብታው በሚመጣለት ነው። ኮረብታው ከተጎዳ ሐይቁም ይጎዳል።

ውሃው የት ሄደ?

ሐይቁ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። መሸሹ በ1980ዎቹ በዓይን የሚታይ ነበር። ዳርቻው ይሸሻል፣ ገበሬው ይከተለዋል፣ የሸሸበትን መሬት ያርሰዋል። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የፓምፕ ጣቢያም መምጠጫውን ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ መግፋት ነበረበት። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ደረቀ።

የመጀመሪያው ምክንያት ሞተር ነው። በአካባቢው የውሃ ፓምፕ አይባልም፣ ሞተር ነው የሚባለው። ትንሽ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚሠራ ነው። የውሃ ጎማውን ሐይቁ ውስጥ ትጥላለህ፣ ገመዱን ትስባለህ፣ ውሃው ማሳህ ይገባል። ከዚያ በፊት ሰው በባልዲ የሚያጠጣው ጥቂት መደብ ብቻ ነበር። ሞተር ሲመጣ አንድ ቤተሰብ ማሳውን ሁሉ ማጠጣት ቻለ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሞተር በሰከንድ 10 ሊትር ያወጣል እንበል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 288 ሺህ ሊትር ነው። በቀን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚጠቀም ቤተሰብ 100 ሊትር ይበቃዋል። አንድ ሞተር በአንድ ቀን የሚያወጣው ለ2,880 እንደዚህ ላለ ቤተሰብ ይሆናል ማለት ነው። አሁን ሐይቁ ዙሪያ አንድ ሳይሆን ብዙ ሞተር አስቡ። በጋውን ሙሉ፣ ቀን ከሌት።

ገበሬው ለምን እንዲህ አደረገ? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነውና። የሐረርጌ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ደህና ነው የሚባለው። ድሮ ገንዘብ የሚያገኘው ከቡና ነበር፣ የሐረር ቡና ስም ያለው ነው። በ1981 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ ስምምነት ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። ቡናው በበሽታም ተመታ። ጫት ግን ጅቡቲና ሶማሊያ ገዢ አለው፣ ያኔ ባቡሩም መኪናውም ይወስደው ነበር፣ ገንዘቡ በየቀኑ ነው። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ።

ጫት ደግሞ ዋጋው እንደ ወቅቱ ነው። ክረምት ላይ የሁሉም ማሳ ስለሚያቆጠቁጥ ይረክሳል። በጋ ላይ ይወደዳል። በጋ ላይ ማቅረብ የሚችለው ውሃ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር የገዛ ሰው የገዛው ማሽን ብቻ አይደለም፤ የበጋውን ዋጋ ነው የገዛው። ድንቹም፣ ቀይ ሽንኩርቱም፣ ጥቅል ጎመኑም እንደዚሁ ነው፤ እነሱም ድንበር ይሻገራሉ። ልጆቹን ያስተማረው፣ ጭቃ ቤቱን በብሎኬት የቀየረው በዚሁ ነው። ይህን ሳይረዱ «ጫት ሐይቁን ጠጣው» ማለት ቀላል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደለል ነው። ኮረብታው እስከ አናቱ ታርሷል። ዛፉ ለማገዶና ለቤት ተቆርጧል። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውስጥ የገባ አፈር ወዴት ይሄዳል? ወለሉ ከፍ አለ። ወለሉ ከፍ ሲል ያው ውሃ በሰፊ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ ይተኛል። ስስ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይተናል።

ሦስተኛው ከተሞቹ ናቸው። ሐረር፣ አወዳይ፣ ሐሮማያና ግቢው ሁሉ ሕዝባቸው ጨመረ። ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ እንስራ ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥስ? ሙቀቱ ጨምሯል፣ እሱ አይካድም። ዝናቡ ግን ሐይቅ በሚያደርቅ መጠን አልቀነሰም። በአካባቢው ያሉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጥፋት ከሰው እጅ ነው የሚያመጡት። እኔም በዚሁ እስማማለሁ።

ባለቤት ያልነበረው ሒሳብ

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ሁሉም ያየው ነበር። ማንም ግን የመቆጣጠር ኃላፊነት አልነበረውም።

ሐይቁ ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ትልቁ ውሃ ጠጪ ከተማ ሐረር ግን ራሱን የቻለ የሐረሪ ክልል ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ነው። ገበሬው የወረዳው ነው። አራት ተጠቃሚ፣ አራት አለቃ። የሐረር የውሃ አገልግሎት ውሃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ኮረብታ ላይ እርከን የመሥራት ሥልጣን ግን የለውም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ምርት እንዲጨምር ይጠየቃል፣ ምርት የሚጨምረው በመስኖ ነው። እያንዳንዱ ሥራውን ሠርቷል። ድምሩን የሠራ ግን አልነበረም።

ሕጉም ክፍተት ነበረው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አያስፈልግም። መነሻው ደግ ነው፤ ድሃ ገበሬ ለባልዲ ውሃ ቢሮ እንዳይመላለስ ነው። ግን ግማሽ ሄክታር በሞተር የሚያጠጣ ሰው ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? አንድ ሞተር ምንም አይደለም። ሲበዙ ሐይቅ ያደርቃሉ። በኋላ ለአባይ፣ ለአዋሽና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተፋሰስ ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ሐሮማያ ያለችበት የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ያንን እንኳን አላገኘም።

ደረቁ ጊዜ

ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቦታው ጠፋኝ። ጀልባ የማውቅበት ቦታ ላይ ከብት ይግጣል። የባጃጅ ጎማ መሬቱ ላይ መንገድ አውጥቷል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አፈሩ ነጭ ግራጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የቀንድ አውጣ ዛጎል ይታያል።

ውሃው ግን ሙሉ በሙሉ አላለቀም ነበር። ከመሬት በታች ወርዷል። ገበሬውም ተከተለው። የሐይቁ ወለል ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ።

አንድ ገበሬ የራሱን ጉድጓድ አሳየኝ። ከላይ ሆኖ የሚስብ ሞተር ውሃው ከ6 ወይም ከ7 ሜትር በታች ከወረደ መሳብ አይችልም። ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፤ የአየር ግፊቱ የሚችለው እስከዚያ ነው። ስለዚህ ምን አደረገ? የጉድጓዱን ግድግዳ በዶማ ቦርቡሮ መደርደሪያ የመሰለ ቦታ ሠራ፤ ሞተሩን በገመድ አውርዶ እዚያ አስቀመጠው። ውሃው እንደገና ሲሸሽ ከበታቹ ሌላ መደርደሪያ ቦረቦረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሦስት መደርደሪያ ነበር፣ አንዱ ካንዱ በታች። ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ ሞተሩ ሦስተኛው ላይ ነው። እያንዳንዱን በየትኛው ዓመት እንደቆፈረው ነገረኝ። ስለ ሐይቁ ካነበብኩት ሪፖርት ሁሉ ያ ግድግዳ ይበልጥ አስተማረኝ።

ይህ ሥራ አደገኛ ነው። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ ጭሱ መውጫ የለውም፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። ሞተር ሊያጠፋ የወረደ ሰው ራሱን ስቶ ሊቀር ይችላል፤ ሊያወጣው የወረደውም እንደዚያው። ገበሬው ይህን ያውቃል። ሲወርድ ሁልጊዜ ልጁን ከላይ አስቁሞ፣ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ነው።

ሐረር ውስጥ ደግሞ ሌላ ኑሮ ነበር። ቧንቧ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ አንዴ ይመጣል። መጣ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሌሊት ይነቃል። ጀሪካን፣ በርሜል፣ ሳፋ፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል። የቻለ ሮቶ አስተከለ። ያልቻለ በአህያ የሚመጣ ውሃ ይገዛል፤ ለአንድ ጀሪካን የሚከፍለው በቧንቧ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። ሐረር ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የውሃው ችግር በከፋበት ጊዜ። ጀጎል ውስጥ የምትኖር አንዲት እናት በዚያ ዓመት እንግዳ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚያስቡት ምግቡን ሳይሆን የእጅ መታጠቢያውን እንደነበር ነግረውኛል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ከሩቅ ውሃ ማምጣት ነበር። በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ፣ ድሬዳዋ አካባቢ ካለው ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ለሐረር ቧንቧ ተዘረጋ። በመንገዱ ያሉ ከተሞችም እንዲጠቀሙ ታሰበ። ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። ግን ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዚያ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ውሃው ይህን ሁሉ ዳገት በኤሌክትሪክ ኃይል ተገፍቶ መውጣት አለበት።

ሁለተኛው በአካባቢው ተጨማሪ ጉድጓድ መቆፈር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ከተማዋም ቆፈሩ። ለጊዜው አስታገሰ።

ሦስተኛው ኮረብታው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ደረጃ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይካሄድ ነበር፤ እዚህም ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ሠራ፣ የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈረ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ተተከለ። ዩኒቨርሲቲው ጥናቱንም ችግኙንም ይዞ ገባ። የሐይቁን ዳርቻ ከእርሻ ነጻ የማድረግ ሥራም ተጀመረ።

አራተኛው፣ እኔ ዋናው የምለው፣ ከገበሬው ጋር የተደረገው ንግግር ነው። ዙሪያውን ያሉ ቀበሌዎች ሞተርን ከሐይቁ ለማራቅ ተስማሙ። ይህ በአንድ ስብሰባ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ላይ ባለሥልጣን ይናገራል፣ ገበሬው ያዳምጣል፣ ተበትኖ ሞተሩን ያስነሳል። ነገሩ የተለወጠው ሽማግሌዎቹና የሃይማኖት አባቶቹ ሲይዙት ነው። እነሱ ስለ ሕግ አላወሩም። ስለ ልጅነታቸው ሐይቅ ነበር የሚያወሩት። ከብት ያጠጡበት፣ የዋኙበት። ከ20 ዓመት በታች ያለው ወጣት ሐይቁን ሞልቶ አይቶት ስለማያውቅ መጀመሪያ ተረት መስሎት ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

የቆላው ቧንቧ ሠርቷል፣ አልሠራምም። ሠርቷል፣ ምክንያቱም ሐረርን ከሐይቁ ጫንቃ ላይ አወረደ። ያ ባይሆን ሐይቁ መተንፈሻ አያገኝም ነበር። አልሠራም፣ ምክንያቱም ጥማቱን ከአንድ ሰንሰለት ጋር አሰረው። መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ይቆማል፣ ፓምፕ ሲቆም ሐረር ይጠማል። የፀጥታ ችግር ተነስቶ መስመሩ የተቋረጠበት ጊዜም ነበር፣ ነዋሪው ያስታውሰዋል። የመብራቱ ወጪም ቀላል አይደለም። ውሃን ከቆላ ወደ ደጋ መግፋት በየወሩ ሒሳብ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ቧንቧው ሲዘረጋ ብቻ የሚከፈል አይደለም።

የአካባቢው ጉድጓዶችስ? እንደ መፍትሔ ሲወራባቸው እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ጉድጓዱና ሐይቁ የሚጠጡት አንድ ውሃ ነው። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ጉድጓድ መቆፈር ከተመሳሳይ እንስራ በረዘመ ጭልፋ መቅዳት ነው። የገበሬው ሦስት መደርደሪያ ይህን በግልጽ ያሳያል።

የችግኙ ነገር ተደባልቋል። የተተከለው ብዙ ነው፣ የጸደቀው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከብት ያልገባበትና ጠባቂ ያለው ኮረብታ አገግሟል። ተተክሎ የተተወው ባዶ ጉድጓድ ሆኗል። እርከኑ ግን ሠርቷል፤ ዘንድሮ ብትሠራው ዘንድሮ ውሃ ይይዛል፤ እንደ ዛፍ ዓመታት አትጠብቅም። የሐረርጌ ገበሬ እርከን ከአባቱ ያውቃል፣ የሚያስተምረው አይፈልግም። የሚፈልገው ያን ቀን የራሱን ሥራ ፈትቶ ለሚውልበት ምትክ ነው።

ደለሉን ቆፍሮ ማውጣትም ተሞክሯል። ሐይቅ የሚያህል ደለል በሎደር አያልቅም፣ ነገር ግን ደረቅ በነበረ ጊዜ መሠራቱ ጥሩ ነበር። ውሃ ከገባ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ውሃው ተመለሰ። መጀመሪያ ጉድጓዶቹ ሞሉ። ከዚያ ክረምት ላይ ኩሬ የሚመስል ነገር ታየ፣ በጋ ላይ ጠፋ። ቀጥሎ በጋውን ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ የጣለው ከባድ ዝናብም ረድቶታል። ስለዚህ «ችግኙ መለሰው» ወይም «ዝናቡ መለሰው» ብሎ አንዱን መርጦ መናገር ልክ አይመስለኝም። ከዚያ በፊትም ጥሩ ዝናብ የዘነበባቸው ዓመታት ነበሩ፣ ሐይቁ ግን አልተመለሰም። ያን ጊዜ የገባውን ውሃ ሞተር ወዲያው ያወጣው ነበር። የኋለኛው ዝናብ የጣለው ሞተሩ በራቀበት፣ ሐረር ከሌላ ቦታ በሚጠጣበትና ኮረብታው ውሃ መያዝ በጀመረበት ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተመለሰም። ሞተሩን ያራቀው ገበሬ የበጋ ገቢውን አጥቷል። ከሐይቁ ራቅ ብሎ መሬት ያለውና ዝናብ ጠብቆ የሚያርሰው ምንም አላጣም። ዳርቻው ላይ ያለው ብዙ አጣ። ለዚህ ሰው የተሰጠ የረባ ካሳ አላየሁም። ስምምነቱ የቆመው በይሉኝታና በሽማግሌ ቃል ነው። ይሉኝታ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የጫት ዋጋ በጥር ወር ሲሰቀል በሱ ላይ ብቻ መደገፍ ያሰጋኛል።

ሌላ ከተማ ላይ ያለ ሰው ምን ይወስዳል?

በትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ወይም ውሃ አገልግሎት ውስጥ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ብታነቡ፣ ከሁሉ በፊት የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የምትጠጡትን ውሃ ከፍታ የሚለካ ሰው አላችሁ? ሐይቅ ከሆነ ቁጥር የተጻፈበት አንድ እንጨት ዳር ላይ ይተከል። ጉድጓድ ከሆነ በወር አንዴ በገመድ ይለካ። ወጪው ከአንድ የስብሰባ የሻይ ወጪ ያንሳል። የሐሮማያን ሐይቅ መሸሽ ሁሉም በዓይኑ አየው፤ ነገር ግን በዓይን የታየ ነገር በጀት ስብሰባ ላይ አይከራከርም። ቁጥር ይከራከራል።

ቀጥሎ፣ ከተማችሁ የምትጠጣው ከአስተዳደር ድንበሯ ውጭ ከሆነ፣ ውሃው ሳይጎድል በፊት ከላይኛው ተፋሰስ ገበሬ ጋር ተዋወቁ። ከጎደለ በኋላ የሚደረግ ትውውቅ ጠብ ነው። የውሃ ሒሳብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮ ለኮረብታው ገበሬ የእርከን ሥራ ቢከፈል ወጪው ሐረር ለብዙ ዓመት ከከፈለችው የጀሪካን ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ነበር። ይህ ሐሮማያ ላይ በጊዜው አልተሞከረም። ቢሞከር ደስ ይለኛል።

ስለ ሞተርም አንድ ነገር ልበል። ከልክሎ ብቻ መተው አይሠራም። በተለይ ገዝቶ ዕዳ ያለበትን ሰው። መጀመሪያ ይቆጠሩ። ስንት ሞተር አለ፣ የማን ነው፣ ስንት ሰዓት ይሠራል። ቆጠራው ራሱ ለውጥ ያመጣል፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ድምሩን ሲያይ ሌላ ነገር ያስባል። ከዚያ ተራ ይያዝ። ሐረርጌ ውስጥ ለቀብርም፣ ለሠርግም፣ ለአጨዳም ተራ መያዝ የሚያውቅ ሕዝብ ነው ያለው። የውሃ ተራ አይከብደውም። የሚከብደው ሌላው ተራውን እንደሚጠብቅ ማመኑ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የሚታይ ልኬት ያስፈልጋል።

ከሩቅ ውሃ ማምጣት ካለባችሁም አምጡ። ነገር ግን የቅርቡን ምንጭ አትጣሉ። ሐረር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቢኖራት ኖሮ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ይዞ መሮጥ አይኖርም ነበር።

ባለፈው ስሄድ

ባለፈው ስሄድ ያንን ባለ ሦስት መደርደሪያ ጉድጓድ ፈለግኩት። ገበሬው ዳር ላይ ቆሞ በጣቱ አሳየኝ። ውሃ ውስጥ ነው፣ ከዳርቻው ሠላሳ እርምጃ ያህል ይገባል። ላዩ ላይ ወፎች ተቀምጠዋል። የልጅ ልጁ እግሩን ውሃ እያስነካ ይጫወታል፤ አያቱ ራቅ እንዲል ደጋግመው ይጠሩታል፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸውና።

ቤታቸው ቡና ጠጣን። ሞተሩ ጓዳው ጥግ ላይ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለምን እንዳልሸጡት ጠየቅኳቸው። ገዢ መጥቶ ነበር አሉኝ፤ ጥሩ ዋጋም ሰጥቷቸዋል። ሁለት ክረምት ልይና ብለው መልሰውታል።